ባለሙያው ይመልሳል፦ የ5 ወር ልጅ አናት ላይ ያለ ራሰ በራ ቦታ፣ ከመቁረጥ በፊት በሌንስ ይታይ

ጠያቂዋ እናት እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ሴት ልጄ 5 ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷታል። ስትወለድ ፀጉሯ ሙሉና ጥቁር ነበር። ሁለተኛ ወሯን ስትይዝ ከኋላ፣ ትራሱ ላይ የሚያርፈው ቦታ ተመለጠ። ከአናቷ ትንሽ ወደ ኋላ ደግሞ የሳንቲም ያህል ለስላሳ ቦታ አለ፤ ይሄኛው ስትወለድም የነበረ ይመስለኛል፣ በፀጉሯ ተሸፍኖ ነው ያላየነው። አንድ ክሊኒክ ፈንገስ ነው ብለው ቅባት ሰጡን፤ 3 ሳምንት ቀባሁ፣ ለውጥ የለም። ሌላ ሐኪም ከቦታው ቆርጦ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል አሉኝ። እናቴ ራሷ ተላጭቶ ቅቤ ይቀባ ትላለች። የ6 ዓመት ወንድሟም ራሱ ላይ ፎሮፎር አለበት፣ በዘር ይሆን? ጀርመን ያለችው እህቴ ሳይቆረጥ በካሜራ የሚታይበት ምርመራ አለ ትላለች። ጨረር አለው? ናሙናውን ይተካል? ወይስ እስኪበቅል ልጠብቅ?»

ልጅዎ ራስ ላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አብረው ስለታዩ እንደ አንድ በሽታ መቆጠራቸው ነው እስካሁን ያደናገረው። ከኋላ ያለው ጤነኛ ሕፃን ሁሉ ሊያጋጥመው የሚችል የፀጉር መርገፍ ነው። አናቷ ላይ ያለው ግን ምንነቱ መታወቅ አለበት። የወንድሟን «ፎሮፎር» ደግሞ በጥያቄው መሃል አለፉት እንጂ፣ ከሦስቱ መድኃኒት በቶሎ የሚያሻው እሱ ሊሆን ይችላል። እህትዎ የነገረችዎት ምርመራ በእርግጥ አለ፤ ብዙውን ነገር ይለያል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም።

አጭር ስለሆነ ከኋላው ልጀምር። የፅንስ ራስ በ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ በፀጉር ይሸፈናል። ከዚያ የፊተኛውና የጎኑ ፀጉር ገና በማሕፀን ሳለ ማደጉን ያቆምና ያርፋል፣ ይረግፋል፣ በሌላ ይተካል። የኋላው ግን እስከ ልደት አካባቢ ድረስ ማደጉን ይቀጥላል፤ የሚያርፈው ዘግይቶ ነው። ያረፈ ፀጉር ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ይወድቃል። ልጅዎ ሁለተኛ ወሯን ስትይዝ ያዩት ይኸው ነው። በጀርባዋ መተኛቷና ራሷን ማሻሸቷ መርገፉን ሊያፋጥነው ይችላል እንጂ ዋና መንሥኤው አይደለም። ስለዚህ «እንዳይመለጥ» ተብሎ በሆድ ማስተኛት ከባድ ስሕተት ነው፤ በሆድ መተኛት ከድንገተኛ የሕፃናት ሞት ጋር የተያያዘ ነውና በጀርባዋ መተኛቷን ትቀጥል። ትራሱም ቢሆን በዚህ ዕድሜ አያስፈልጋትም፣ ያንሱት። ለኋላው ፀጉር ምርመራም ቅባትም አያስፈልግም፤ በሚቀጥሉት ወራት ራሱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ካሜራው። መሣሪያው ደርማቶስኮፕ ይባላል። ፀጉርንና የራስ ቆዳን ለማየት ሲውል ምርመራው ትራይኮስኮፒ ይባላል፤ ይህ ስያሜ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ መግባት የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በእጅ የሚያዘው ዓይነት ቆዳውን 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስና በዙሪያው ትንንሽ መብራቶች አሉት። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ደግሞ ከ20 እስከ 70 ጊዜ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያጎላል። ብዙዎቹ ፖላራይዝድ የሚባለውን ብርሃን ስለሚጠቀሙ ከቆዳው ላይ የሚመለሰውን ነጸብራቅ ቀንሰው ከሥሩ ያለውን ያሳያሉ። መብራቱ ተራ መብራት ነው፣ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። አያምም፣ ማደንዘዣም አይጠይቅም። ልጅዎ ጡት እየጠባች ወይም ተኝታ ሳለ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። እንዲያውም የምመክረው እንደዚያ ነው፤ የምታለቅስና የምትወራጭ ልጅ ራስ ላይ የተያዘ ሌንስ ለማንም ምንም አያሳይም። ፖላራይዝድ ሌንስ ቆዳውን ሳይነካ ሊያይ ይችላል። መነካት ካለበት ግን ሌንሱ ከፊተኛው ታካሚ በኋላ መጸዳቱን ይጠይቁ፤ ጨቅላ ቆዳ ላይ ደግሞ በአልኮል ፈንታ ውኃ ወይም የአልትራሳውንድ ጄል ቢጠቀሙ ይሻላል።

ሌንሱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች በመሠረቱ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ፀጉር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ቦታው ላይ አሉ ወይስ የሉም? ካሉ ሥሩ ሕይወት አለው፣ ፀጉሩ የመመለስ ዕድል አለው። ከሌሉ ቆዳው ሲፈጠር ጎድሏል ወይም ጠባሳ ሆኗል፤ ምንም ቢቀባ አያበቅልም። ሁለተኛው፣ ያለው ፀጉር ራሱ ምን ይመስላል? ሥሩ ላይ የተሰበረ ነው? የተጠማዘዘ? እንደ ዶቃ እየወፈረና እየሳሳ የሚሄድ? ወይስ ቀጭን ለጋ ፀጉር ብቻ ነው? ድሮ ይህን ለማወቅ ከሕፃኑ ራስ ላይ በርከት ያለ ፀጉር ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ማየት የግድ ነበር። አሁን አብዛኛውን እዚያው ራሷ ላይ እንዳለ ማየት ይቻላል፤ ለሕፃናት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ጠበቅ አድርጌ ልናገረው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕሎች አብዛኞቹ የተነሡት ከነጭ ቆዳ ላይ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር የራስ ቆዳ በሌንስ ሲታይ እንደ ማር ቀፎ እንጀራ የተያያዘ ቡናማ መስመር፣ በመሃል በመሃሉም እኩል የተራራቁ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ይታያሉ። ነጥቦቹ የላብና የፀጉር ቀዳዳዎች ናቸው፣ ጤነኛ ናቸው። ይህን ያልለመደ ዐይን «ነጭ ነጥብ አየሁ፣ ጠባሳ ነው» ሊል ይችላል። በአንጻሩ በነጭ ቆዳ ላይ ጎልተው የሚታዩት ቢጫ ነጥቦችና መቅላት በእኛ ቆዳ ላይ ይደበዝዛሉ፤ ሥሩ ላይ የተሰበረ ጥቁር ፀጉርም ከጥቁር ቆዳ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ መርማሪው በመጀመሪያ የልጅቷን ጤነኛ የራስ ቆዳ አይቶ፣ ቀጥሎ ወደ ራሰ በራው ቦታ ይሂድ። ይህን ሳያደርግ ውጤት የሚነግርዎትን ሰው «ከጎኑ ያለውስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁት። መጠየቁ ነውር የለውም።

የአናቷ ቦታ። እርስዎ እንዳሉት ስትወለድ የነበረ፣ ለስላሳ፣ ያላደገ፣ በቅባት ያልተለወጠ ከሆነ ፈንገስ የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። በመጀመሪያ የማስበው አፕላዚያ ኩቲስ የሚባለውን ነው፤ በፅንስነት ጊዜ የተወሰነ የቆዳ ክፍል ሳይፈጠር ወይም ሳይሟላ የቀረበት ሁኔታ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ራስ ላይ፣ በተለይ አናት አካባቢ ነው። አንዳንዱ ሕፃን በቁስል መልክ ይዞት ይወለዳል፤ አንዳንዱ ገና ማሕፀን ውስጥ ሳለ ድኖ በስስ ጠባሳ መልክ ይመጣል። ሌንሱ ሥር የፀጉር ቀዳዳ የሌለው፣ የሚያንጸባርቅ፣ ሥሩ ያለውን የሚያሳልፍ ቆዳ ይታያል። ዳሩ ላይ ያሉት ፀጉሮች ከመሃል ወደ ውጭ እንደ ፀሐይ ጮራ ተዘርግተው፣ ሥሮቻቸው ሳይቀሩ በስሱ ቆዳ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ተፎካካሪ የወዝ ዕጢ ናቩስ ነው፤ ከልደት ጀምሮ የሚኖር፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሲዳሰስ ሰም የሚመስል ፀጉር አልባ ቦታ። በሌንስ ቢጫማ ክብ ነገሮች ተከማችተው ይታያሉ፣ ከፀጉር ቀዳዳ ጋር ግን አልተያያዙም። ይህ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሊወፍርና ሊጎረብጥ ይችላል፤ አሁን ግን የሚያጣድፍ ነገር የለውም። በጨቅላ ዕድሜ ሁለቱን በባዶ ዐይን መለየት ለሐኪምም ያስቸግራል፣ ሌንሱ ዋጋውን የሚያሳየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ሦስተኛው የወሊድ ጉዳት ነው። ምጡ ረዝሞ ነበር? በቫኪዩም ተስባ ነው የወጣችው? ራሷ አብጦ ነበር? ረጅም ጫና የደረሰበት የራስ ቆዳ በኋላ በቀለበት ወይም በቁራጭ መልክ ፀጉር ሊያጣ ይችላል፤ ጫናው ቀላል ከነበረ ፀጉሩ ይመለሳል፣ ከባድ ከነበረ ጠባሳ ይተዋል። ይህን ከሌንስ ይልቅ የወሊድ ካርዷ ይናገራል፣ ይዘውት ይሂዱ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለእርስዎ። በእርግዝናው ጊዜ የእንቅርት መድኃኒት ይወስዱ ነበር? ካርቢማዞልና ሜቲማዞል የሚባሉት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲወሰዱ ከአፕላዚያ ኩቲስ ጋር እንደሚያያዙ ይታወቃል። የምጠይቀው ለወቀሳ አይደለም፤ ያልታከመ የእንቅርት ሕመምም ለፅንሱ አደገኛ ነው። ነገር ግን መልሱ ምርመራውን ያጠናክራል፣ ለሚቀጥለው እርግዝናም መድኃኒቱ አስቀድሞ እንዲለወጥ ይረዳል። ከቤተሰቡ ተመሳሳይ ምልክት ያለው ሰው መኖሩንም ያጣሩ፤ አንዳንዴ በዘር ይወርዳል።

ናሙና እንውሰድ ካሉት ሐኪም ጋር የማልስማማው ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ባዮፕሲ፣ ማለትም ቆርጦ ናሙና መውሰድ፣ መጥፎ ምርመራ አይደለም። ግን በ5 ወር ሕፃን፣ በአናት መሃል መስመር ላይ ያለ ከልደት የመጣ ቦታ ሳይዳሰስና በምስል ሳይታይ አይቆረጥም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ቦታዎች ጥቂቶቹ ከሥራቸው የራስ ቅል አጥንት ጎድሎ፣ አልፎ አልፎም ከአንጎል ሽፋን ጋር ተገናኝተው ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን መቁረጥ ደም መፍሰስና የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ያስከትላል። ጥርጣሬውን የሚያጠነክሩ ምልክቶች አሉ። ራሰ በራውን ቦታ ከሌላው ይልቅ የጠቆረ፣ የረዘመና የወፈረ ፀጉር እንደ አንገትጌ ከቦታል? አጠገቡ ቀይ የደም ሥር ምልክት አለ? ስታለቅስ የሚነፋ እብጠት፣ ወይም ፈሳሽ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ በሌንስ መታየቱ አይበቃም። አልትራሳውንድ፣ እንደ ሁኔታውም ኤምአርአይ ይደረጋል፤ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪምም ያያታል። አልትራሳውንድ በዚህ ዕድሜ ምቹ ነው፦ እርግብግቢቷ ገና ስላልተዘጋ አንጎሏንም ጭምር ያለ ማደንዘዣ ማየት ይቻላል። ኤምአርአይ የአጥንቱንና የአንጎሉን ግንኙነት የበለጠ ያሳያል፣ ግን ሕፃኗን ማስተኛት ሊጠይቅ ስለሚችል ምክንያት ሲኖር ብቻ ይታዘዛል።

ሌንሱ «ይተካል ወይ» ላሉት እንግዲህ መልሱ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ሕፃናት ባዮፕሲ ሳያስፈልግ ነገሩ በሌንስና በእጅ ዳሰሳ ይለያል። የሌንሱ ዕይታ ግን ጥልቀት የለውም፤ አጥንትን አያይም፣ ፈንገስን በላቦራቶሪ አብቅሎ እንደመለየት አይሆንም፣ ደም ውስጥ ያለውን የዚንክ መጠን አይነግርም። ባዮፕሲ የሚቀረው ቦታው እያደገ፣ እየጠነከረ፣ እየቆሰለ ለሚሄድ ወይም በሌንስ ሊለይ ላልቻለ ጥቂት ሕፃን ነው፤ ያኔም ምስሉ ከታየ በኋላ። ከሌንስ የረቀቁ መሣሪያዎችም አሉ። ሪፍሌክታንስ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የሚባለው የቆዳ ሴሎችን ሳይቀር በሌዘር ብርሃን ያሳያል፤ ነገር ግን ከሩብ ሚሊ ሜትር አይዘልም፣ የፀጉር ሥር ደግሞ ከዚያ በብዙ ይርቃል። በዚያ ላይ ሕፃኑ ለደቂቃዎች ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ለምርምር ጥሩ ነው። ለልጅዎ ተብሎ ውጭ አገር ድረስ መጓዝ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፣ እህትዎም ጀርመን ውስጥ እሱን ፍለጋ አትድከም።

ቅባቱን በተመለከተ፣ ሁለት ጊዜ ነው የተሳሳተው። አንደኛ፣ ቦታው ፈንገስ አይመስልም። ሁለተኛ፣ የራስ ቆረቆር ቢሆን ኖሮም በቅባት ብቻ አይድንም ነበር፤ ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ድረስ ስለሆነ ቅባቱ አይደርስበትም። ቱቦውን አንብቡልኝ፦ ቤታሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ከፈንገስ መድኃኒቱ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙት። የሕፃን ቆዳን ያሳሳል፣ ፈንገስ ካለም መልኩን አጥፍቶ መርማሪውን ያሳስታል።

ቆረቆር በጨቅላ ሕፃን ብዙ አይታይም፣ ግን አለ፤ የሚመጣውም ከቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የ6 ዓመቱን ልጅ ይዤ ልመለስ። በዚያ ዕድሜ እውነተኛ ፎሮፎር ያልተለመደ ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ካለ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ቆረቆር ነው ብዬ ነው የማየው፤ ዘር ሳይሆን ተላላፊ በሽታ። በኢትዮጵያ ዋነኛው አምጪ ትራይኮፋይተን ቫዮላሴየም የሚባለው ፈንገስ ሲሆን ከሰው ወደ ሰው በማበጠሪያ፣ በመላጫ፣ በኮፍያና በጋራ ትራስ ይተላለፋል። ይህ ፈንገስ በዉድስ ላምፕ፣ ማለትም በጨለማ ክፍል ውስጥ በሚበራው ሐምራዊ መብራት፣ አያበራም። «መብራቱ ሥር አረንጓዴ አልሆነም፣ ስለዚህ ነጻ ነው» የሚል መልስ ከሰጧችሁ አትቀበሉት፤ የሚያበሩት በአብዛኛው ሌላ ወገን የሆኑት፣ ከድመትና ከውሻ የሚመጡትን የሚጨምሩት ማይክሮስፖረሞች ናቸው። በደርማቶስኮፕ ግን እንደ ነጠላ ሰረዝ የታጠፉ፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዙ አጫጭር ፀጉሮችና ሥራቸው ላይ የተቆረጡ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህን ያየ ሐኪም ከዚያው ቅርፊትና ፀጉር ወስዶ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አርጥቦ በማይክሮስኮፕ ያያል። የላቦራቶሪ ካልቸር፣ ማለትም ፈንገሱን አብቅሎ መለየት፣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ሕክምናው እስከዚያ አይጠብቅም። መድኃኒቱ የሚዋጥ ነው፣ ግሪሲዮፉልቪን ወይም ቴርቢናፊን፣ መጠኑ በኪሎ የሚሰላ። ግሪሲዮፉልቪን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በደንብ ይሠራል። ከወንድሟ የተረፈውን ለሕፃኗ መስጠት ግን በፍጹም አይሆንም።

እናትዎ ያሉትን በአክብሮት፣ ግን በቁርጥ እቃወማለሁ። መላጨት ፀጉርን አያወፍርም። ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ መላጨቱ ጫፉን ድፍን ስለሚያደርገው ብቻ ሲበቅል የወፈረ ይመስላል። ጉዳቱ ግን እውነት ነው፦ ሐኪሙ የሚፈልጋቸው ምልክቶች፣ ማለትም የተሰበረው፣ የታጠፈው፣ ወደ ሥሩ የቀጠነው ፀጉር፣ ያሉት ከቆዳው በላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው። ምላጭ ያንን ማስረጃ ጠርጎ ይወስዳል፤ የፀጉር ቤት መላጫ ደግሞ ቆረቆር ይዞ ይመጣል። ስሱ ቦታ ላይ ከሆነ ይቆርጣታል። ቅቤውም ቢሆን ለፀጉር የሚጨምረው ነገር የለም፣ ሌንሱ ሥር ደግሞ ሁሉንም ያደበዝዛል። የአናቷ ቆዳ የተላጠ ወይም የቆሰለ ከሆነ ፈጽሞ አይቀባ።

ሌላም አለ፤ ትልልቅ ሰዎች የሚቀቡትን ሚኖክሲዲል ለሕፃን ቢሆንስ የሚል ጥያቄ ከብዙ ወላጅ ይመጣል። አይሆንም። በ2019 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ለጨጓራ የሚሰጥ ሽሮፕ በስሕተት በሚኖክሲዲል ተዘጋጅቶ፣ የጠጡት ሕፃናት መላ ሰውነታቸው ፀጉር አብቅሏል። መድኃኒቱ ልብንና የደም ግፊትንም ይነካል። የፀጉር ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ደግሞ ለትልቅ ሰውም አይሠራም።

የልጃቸው ነገር የእርስዎን ለማይመስል ወላጆችም ጥቂት ልጨምር። ከጆሮ በላይ፣ በግንባር ጎን አካባቢ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የሚታይ፣ በሌንስ ቀዳዳዎቹ ሙሉ ሆነው ቀጭን ለጋ ፀጉር ብቻ የያዘ ቦታ ትራይአንጉላር አሎፔሺያ ነው። ዕድሜ ልክ እንዳለ ይቆያል፣ አይሰፋም፣ ሕክምናም አይፈልግም፤ ላሽ ነው ተብሎ በስቴሮይድ መርፌ መወጋት የለበትም። ሲወለድ ደህና የነበረ ፀጉር በወራት ውስጥ እየተሰባበረ ገለባ ከመሰለ የፀጉሩ ዘንግ ራሱ በተፈጥሮ የታመመ ሊሆን ይችላል። እንደ ዶቃ የሚመስለው ሞኒሌትሪክስ ነው፣ ቤተሰብ ውስጥ ይወረሳል። በራሱ ዙሪያ የተጠመዘዘ ፀጉር ያለው ወንድ ሕፃን ደግሞ ሰውነቱ ከላላ፣ ዕድገቱ ከዘገየ ወይም ካንቀጠቀጠው የመንኬስ በሽታ መታሰብ አለበት፤ ይህ የመዳብ እጥረት የሚያመጣ ከባድ በሽታ ነው፣ የደም ምርመራው ቀን አይሰጠውም። ፀጉር መርገፉ ከተቅማጥና በአፍ፣ በመቀመጫ፣ በእጅና በእግር ዙሪያ ከሚወጣ ቁስል ጋር ከመጣ፣ በተለይ ጡት ካቆመ በኋላ፣ ዚንክ ይለካ። የራሱን ፀጉር ሙሉ በሙሉ ያጣ፣ እግሩም የሚጎብጥ ሕፃን በፀሐይ ሙቀትና በተራ ቫይታሚን ዲ ላይድን የሚችል የዘር ሪኬትስ (የአጥንት መለስለስ) ሊኖርበት ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ሌንሱ ጥርጣሬውን ያስነሣል፤ የሚያረጋግጠው ደምና የዘር ምርመራ ነው።

ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። አትጠብቁ፣ ግን አትቁረጡም። ቅባቱን ያቁሙ፣ ራሷን አይላጩ፣ ከምርመራው በፊት ለአንድ ሁለት ቀን ቅባትና ቅቤ አይንካት። በቀን ብርሃን፣ ያለ ስልክ መብራት፣ ከአናቷና ከጎን ፎቶ ያንሡ፤ ከጎኑ ማስመሪያ ያስቀምጡና በወሩ በተመሳሳይ ቦታ ይድገሙት። ስልክ ላይ የሚገጠም ሌንስ ካላችሁ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል፣ በእሱ ግን በሽታ አይሰየምም። ከዚያ ሁለቱንም ልጆች በአንድ ቀን ወደ ቆዳ ሐኪም ይውሰዱ። አዲስ አበባ ከሆኑ አለርት፣ ወደ ወሎ ከሆኑ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሕክምና ያላቸው ሆስፒታሎች ናቸው፤ የትም ቢሄዱ ደርማቶስኮፕና በጨቅላ ራስ ላይ ሊያነበው የለመደ ሐኪም መኖሩን አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ። ሕፃኗ በሌንስ ትታይ፣ ቦታው በጣት ይዳሰስ፣ የአናቷ አልትራሳውንድ ይጠየቅላት። ወንድሟ ቅርፊቱ ይመርመር። ባዮፕሲ የሚያነሣ ሐኪም ካለ አልትራሳውንዱ መታየቱን ይጠይቁት፤ ካልታየ ፈቃድዎን አይስጡ።

ምስሉ ደህና ሆኖ ትንሽ አፕላዚያ ኩቲስ ከሆነ የሚደረግ ነገር የለም። ዙሪያው ያለው ፀጉር ሲረዝም ይሸፍነዋል፤ ስታድግ ካስጨነቃት ጠባሳውን በቀላል ቀዶ ሕክምና አጥብቦ መስፋት ይቻላል። ሹሩባ የምትሠራበት ዕድሜ ሲደርስ ቦታውን ከሚጎትት ጥብቅ ሹሩባ ይጠብቋት።

ቀጠሮው ሳይደርስ ቦታው ካበጠ፣ ከደማ፣ ውኃ መሰል ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም ትኩሳት፣ ማስመለስና ጡት እምቢ ማለት ካመጣባት ወደ ቆዳ ክሊኒክ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።